ከሰበታ መናኸሪያ አሥር ሜትር

ጠዋት 1፡00፣ ቡራዩ

ሰኞ ዕለት ከአስኮ በሚኒባስ ቡራዩ ወረድኩ። ሥራዬ ማስታወቂያ መጻፍ ነው። በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ መናኸሪያዎች ግድግዳ ላይ «ከበርና ከመስኮት አሥር ሜትር ሳይርቁ ማጨስ ክልክል ነው» የሚለውን በአማርኛና በኦሮምኛ እንድጽፍ ታዝዣለሁ። እኔው ራሴ አጫሽ ነኝ። የቡራዩን እንደጨረስኩ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ከግድግዳው ጀርባ ዞሬ አንድ ለኮስኩ።

ረፋድ 4፡30፣ ሰበታ

ከዓለም ገና ጀምሮ መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቶ ስለነበር ዘግይቼ ደረስኩ። የመናኸሪያው ጥበቃ ኦቦ ገመቹ ስልሳ ያለፋቸው ሰው ናቸው። «አካም ቡልተን» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ ስላቸው ደስ ብሏቸው መሰላል አመጡልኝ። ከግድግዳው ሥር፣ ከበሩ አጠገብ፣ አስካለ የምትባል ሴት ሻይና ፓስቲ ትሸጣለች። ከሆሳዕና መጥታ ፋብሪካ ገብታ ነበር፤ አስሟ አላሠራ ቢላት ነው የወጣችው።

መሰላሉ ላይ እያለሁ አንድ የሚኒባስ ሾፌር አጠገቧ ቆሞ ሲጋራ ለኮሰ።

«ልጄ፣ እዚያ ማዶ ሄደህ አጭስ» አሉት ኦቦ ገመቹ።

«ፋዘር፣ ውጭ እኮ ነን! ጣሪያ የለ፣ ምን የለ!»

እኔም በሆዴ «እውነቱን ነው» አልኩ።

አስካለ ሳል ጀመራት። ማንም ልብ አላላትም። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ተንበረከከች፤ ትንፋሿ ያፏጫል። ኦቦ ገመቹ ከቦርሳዋ በአፍ የሚነፋውን መድኃኒት አወጡላት፤ አልቋል። ሾፌሩ ሲጋራውን ጥሎ ደግፎ አነሳት፣ ተሳፋሪዎቹን «በእናታችሁ ውረዱልኝ» ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይዟት በረረ።

ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ሲመለስ ብቻውን ነበር፤ ደነገጥኩ።

«ኦክስጅን ሰጥተዋታል፣ ደህና ናት። ትንሽ ትቆይ አሏት» አለና በርጩማዋ ላይ ተቀምጦ ሻይዋን ለደንበኞቿ ይቀዳላት ጀመር። ጽሑፌን ስጨርስ ተነስቶ ከበሩ አሥር ሜትር በእርምጃ ለካ። «ይኸው፣ እዚህ ጋ መስመር አስምርልን» አለኝ። በነጭ ቀለም አሰመርኩ።

ከሰዓት 10፡00፣ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ተሳፍሬ እንጦጦን ስሻገር ብርዱ ጠነከረ። ስጽፍ ሲጋራ ይዞ ቆሞ የሚያይ አንድ ወጣት «በዚህ ንፋስ ጭሱ የት ይገኛል?» ብሎ ሳቀብኝ። የአስካለን ነገር ነገርኩት። ሲጋራውን ይዞ ራቅ አለ።

ማታ 1፡00፣ ቤት

የጎረቤቴ የእማማ ዘነቡ መስኮት እኔ በማጨስበት በረንዳ በኩል ሁልጊዜ ዝግ ነው። አቧራ ፈርተው ይመስለኝ ነበር። አንኳኩቼ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ መስኮቱን የሚዘጉት በእኔ ሲጋራ ነው?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ተናግሬ እንዳላስቀይምህ ብዬ ነው» አሉኝ።

በየግድግዳው ስጽፈው የዋልኩትን ሕግ ገና ያን ጊዜ አነበብኩት። ከግቢ ወጥቼ አስፋልቱ ዳር አጨስኩ። ስመለስ የእማማ መስኮት ተከፍቶ ነበር።