ጩኸቱን ተዉልኝ

ጥምጣማቸው የነጣ፣ ጫማቸው ጭቃ የጠገበ አንድ ቄስ ፍኖተ ሰላም ቴሌ ቢሮ ገብተው ከሠራተኛዋ ከሥርጉት ፊት ተቀመጡ። የቤታቸውን ኢንተርኔት ወደ ፈጣኑ ብሮድባንድ ሊያስቀይሩ ነው የመጡት። ሲገናኝ የሚጮኸውን አሮጌ ሞደም እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልለው አቅፈውታል።

«አዲሱ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ አይጮኽም» አለች ሥርጉት፣ ደስ ይላቸዋል ብላ።

ቄሱ የዝንብ ጭራቸውን መወዝወዝ አቆሙ። «ሳይጮኽ ነው የሚገባ?»

«አዎ፣ አባ።»

«ኧረ ልጄ፣ ጩኸቱንማ ተዉልኝ።»

ሥርጉት ግራ ገባት። ሰው ሁሉ የሚማረርበትን ድምፅ የሚለምን ደንበኛ ገጥሟት አያውቅም። እየቀለዱ እንደሁ ብላ ፊታቸውን አየች፤ ቀልድ የለበትም።

«ባለቤቴ ዐይኗ ከጠፋ ቆየ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሱዳን ያለው ልጃችን እየተቆራረጠም ቢሆን በምስል ሊያያት ሲል፣ እኔ ሳገናኝ ያን ጩኸት ስትሰማ ነው ነጠላዋን አስተካክላ የምትሰናዳ። እኔ ልበሽ ካልኋት ይከፋታል። ራሷ ሰምታ ስትነሣ ግን እንደ ድሮዋ ናት።»

ቄሱ ጥቂት አሰቡና ሞደሙን ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ግድ የለም፣ ፈጣኑን አስገቡልን። ልጃችን ሊያያት ሲል፣ እኔ ከገዛ ደጄ ቆሜ እንደ እንግዳ ‹ቤቶች!› እላለሁ።»