የእናቱ ዜማ

ሰው የሚወደው ባንድ እንዴት እንደሚሠራ የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ። የሲዳማን የጭፈራ ምት ከሬጌ ጋር አዋሕዱት እላቸዋለሁ። የጨመርነውን ሦስተኛ ነገር ግን አልነግራቸውም፤ አፍራለሁ።

እኔ እዘፍን ነበር፣ ግጥሙንም የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ኪቦርድ የሚጫወተው ጓደኛዬ እዚሁ ከተማችን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ፕሮቴስታንት ቤተሰብ ውስጥ ያደገ ነው፤ እናቱ የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን መሪ ነበሩ። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ጣቱን ሲያፍታታ እሳቸው የሚያዘምሩትን ዜማ ነካ ነካ አደረገው። የፍቅር ግጥም እንግጠምበት አልኩት። አይሆንም አለ። እኔ ደግሞ የኦርቶዶክስ ቄስ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ከበሮና ጸናጽል የሌለበት መዝሙር ለእኔ ድሮውንም ዘፈን ነው። ምን ልዩነት አለው ብዬ ሳቅኩበት። ያ ሳቄ ዛሬም ያንገበግበኛል። ሳምንት ሙሉ ጨቀጨቅኩት፤ ሲሰለቸው እሺ አለ።

የሰው ወርቅ አያደምቅም ይላሉ፤ እኛን ግን አደመቀን። ከከተማው ዳር ከቱላ ድረስ ሚኒባስ ተኮናትረው የሚመጡ አድናቂዎች አፈራን። ገሚሱ ለጭፈራው፣ ገሚሱ ለሬጌው ይመጣል፤ ያቺ ዜማ ስትጀምር ግን ሁሉም አብሮን ይዘፍናል።

እናቱ ዘፈኑን ከጎረቤት ሬዲዮ ሰሙት። በሳምንቱ የመዘምራኑን መሪነት ትተው የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ጀመሩ። ልጃቸውን አላናገሩትም። ጥፋቱ የእኔ ነው ልላቸው ቤታቸው ሄድኩ። ሻይ አቀረቡልኝ፣ የእናቴን ደኅንነት ጠየቁኝ፤ እኔም ሻዬን ጠጥቼ የመጣሁበትን ሳልነግራቸው ወጣሁ። ዓመት ሳይሞላ ታመው ሞቱ። ከልጃቸው ጋር አልታረቁም ነበር።

ቀብሩ ላይ አድናቂዎቻችን ጓደኛዬን ሊያጽናኑ ጎርፈው መጡ። መዘምራኑ የእሳቸውን መዝሙር ጀመሩ። አድናቂዎቹ ዜማውን ሲሰሙ እኛ ለጓደኛዬ ብለን ዘፈናችንን የጀመርን መስሏቸው ነው መሰለኝ፣ እንባቸው እየወረደ በእኛ ግጥም ይዘፍኑ ጀመር። መዘምራኑ ደንግጠው ዝም አሉ። ስለ ከንፈርና ስለ ወገብ የጻፍኩት ስንኝ በሬሳ ሳጥኑ ዙሪያ ብቻውን ቀረ።

ጓደኛዬ ቀና ብሎ አላየኝም።

"ዝም አሰኝልኝ" አለኝ።

እጄን አነሳሁ። መድረክ ላይ እጄን የማነሳው ሕዝቡ አዝማቹን እንዲቀበል ነው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተቀበሉኝ።