በምስማር የተሰቀለው ሰያፍ ሹራብ

የየትነበርሽ አንድ ተራ ቀን ምን ምን ይበላባታል? ክር፣ ዳቦ፣ የልጇ የኢዮስያስ ወተት፣ ወደ ፒያሳ የባጃጅ፤ መልሱን በእግሯ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ትከሻዋን ይበላባታል። ሹራብ ሠርታ የምታድር ሴት ናት። በአንድ ግቢ ተከራይተን ስለምንኖር ልጆቻችን አብረው ነው የሚያድጉት፤ የተደረገባትን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሌላው ሰው ሹራብ የሚጀምረው ከታች፣ ከወገቡ ነው። የትነበርሽ ከአንድ ጥግ ትነሣለች። ሁለት ሦስት ዘለበት መርፌዋ ላይ ታስገባና በየመስመሩ እየጨመረች ታሰፋዋለች፤ ክሯ ሲጋመስ ደግሞ እየቀነሰች ሄዳ ማዶ ጥግ ላይ ትጨርሳለች። ፊቱንም ጀርባውንም እጅጌውንም እንዲሁ ሠርታ ትገጣጥመዋለች። እንዲህ ሲሆን ክሩ ይበቃኝ ይሆን የሚባል ጭንቀት የለም፤ የተራረፈው ሁሉ ቦታ ያገኛል። ቀለሙ በሰያፍ ይወርዳል። ልጅ ሲሮጥ አብሮት ይለጠጣል፣ ብብቱን አይዘውም። የኔዋ ቤዚ አንዴ ከለበሰችው አላወልቅም ብላ ታለቅሳለች።

አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ከተንጠለጠለ ወደ አንድ ወገን ይሳባል። ታጥፎ ነው የሚቀመጠው። ይህን ፒያሳ ላሉት ባለሱቅ፣ ለአያ ዳኛው፣ ደጋግማ ነግራቸዋለች። ከእሳቸው ሌላ የሚሸጥላት የለም። "እሺ፣ እሺ" አሉ። አሉና አንዱን ሹራብ እንደ ቦርሳው እንደ ጃንጥላው ከደጃፉ ምስማር ላይ በአንድ ትከሻው ሰቀሉት! ሳምንቱን ሙሉ ነፋስ ሲጎትተው ከረመ።

ከዚያ አስጠሯት። ቤዚን አዝዬ አብሬያት ሄድኩ።

"ምነው የትነበርሽ፣ ይህ ለሰው ነው ለግመል? አንዱ እጅጌ ጉልበት ሊደርስ ነው!" አሉ ሹራቡን እያወዛወዙ። አንዲት ገዢ ቆማ ትስቃለች።

"አያ ዳኛው፣ አይሰቀልም ብዬዎት ነበር እኮ።"

"ካልተሰቀለ በምን ይታያል? ሣጥን ቆልፌበት ልሽጠው?"

"መደርደሪያ አለዎት።"

"መደርደሪያው ለፋብሪካው ሹራብ ነው።"

"እንግዲያ የፋብሪካው ይተኛል፣ የኔው ይሰቀላል?"

እሳቸው የቀሩትንም ሹራቦቿን ሰብስበው በፌስታል አሸከሟት። "እንደ ሰው ቀጥ አድርገሽ ሥሪና አምጪ" አሉ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት የትነበርሽ ክንዴን ያዘችኝ።

ቤት ገብታ ሹራቡን ለብ ባለ ውኃ ነከረችው። ጨምቃ ፎጣ ላይ አጋደመችውና በተሳበበት በተቃራኒው ጥግ ጥጉን እየጎተተች አስተካከለችው፤ ጥላ ላይ እንዳለ ደረቀ። መልሰን ወሰድንላቸው። ሁለቱን እጅጌ በክንዳቸው ለኩ፤ እኩል ነው።

"ሸጋ ሆኗል!" አሉ። ልቤ ቀለል አለኝ። ወዲያው እጃቸው ወደዚያው ምስማር ሄደ!

የትነበርሽ ሹራቡን ከእጃቸው ወሰደች። "አይሆንም አያ፤ ይቅርብኝ" አለች። ገዢም ሱቅም ሳይኖራት ወጣን። እኔ መንገዱን ሁሉ ስነጫነጭ፣ እሷ ሸራ የት እንደምታነጥፍ ታስብ ነበር።

"ጻፊልኝ" አለችኝ፤ ያለችው ይኸው፦

"ቅዳሜ ቅዳሜ አራዳ ሸራ አንጥፌ እቀመጣለሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ። አልብሱት፣ እጁን ወደ ላይ ያንሣ፣ ይሩጥበት። ካልወደደው ተዉት። ከገዛችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ አጥፋችሁ አስቀምጡልኝ።"