ፍሬቱ የዘመመው ጊታር

ሁለተኛዋን ልጄን የሰፈሩ ሰው ሚሊ ይላታል፤ ሚሊሜትር ለማለት ነው። ዳቦ ስትቆርስ እንኳ ዓይኗ ይለካል። ዘጠኝ ዓመት በርና መስኮት ስትሠራ ቆይታ፣ ያንን ትታ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ክፍል የኤሌክትሪክ ጊታር መሥራት ጀመረች። ተራውን ጊታር ፋብሪካ በርካሽ ያመርተዋል፤ ለሱ ብሎ እሷ ዘንድ የሚመጣ የለም። ስለዚህ ፋብሪካ የማይደፍረውን እሠራለሁ አለች።

እሷ የምትሠራው ጊታር ወፍራሙ ክሩ ረዘም፣ ቀጭኑ አጠር ይላል። ወፍራሙ ሲረዝም ድምፁ አይላላም፤ ቀጭኑ ሲያጥር ጣት አያስቸግርም። ታዲያ አንገቱ ላይ የሚሰኩት ዘንጎች፣ ፍሬት የሚሏቸው፣ እንደ ተከፈተ ማራገቢያ ይዘምማሉ። ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ብረትም ሱቅ ውስጥ የለም፤ ለየክሩ ለየብቻው ከሩቅ ይታዘዛል። ዋጋው አይጣል ነው።

የመጀመሪያው ደንበኛዋ ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ሰው ነው። ጊታሩ ተሰብሮበት ባዶ እጁን መጣ። ክር የሚጫንበትን እጁን ስስ ወረቀት ላይ አስቀምጣ ዙሪያውን በስክሪብቶ ሣለችው፤ ልኩንም ከጎኑ ጻፈች። አቧራ እንዳያበላሸው ብላ ወረቀቱን ገልብጣ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ብረቱ እስኪመጣ ወር ተኩል አለፈ።

ለአንገቱ ፊት የሚሆን ጠንካራ ጥቁር እንጨት አንድ ብቻ ነበራት።

«እማዬ፣ ይቺ ከተበላሸች ወደ በርና መስኮቴ ነው የምመለሰው» አለችኝ።

ሦስት ቀን ትንፋሿን ውጣ ሃያ አራት ቀጫጭን የፍሬት ቦይ በመጋዝ አወጣችባት።

በአራተኛው ቀን ሻይ ይዤላት ገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ጽሑፍ ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። የግድግዳውን ግን ማንበብ አቃተኝ።

«ሚሊ፣ ይሄ ጽሑፍ ምን ሆኖ ነው ወደ ኋላ የሚሄደው?»

«ተገልብጦ ነዋ። ቀለሙ አልፎ ነው የሚታይሽ።»

«እንግዲያው እጁም ተገልብጧል። ሰውየው የሰጠሽ ቀኙን ነው፤ እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ።»

መጋዟን አስቀመጠች። ሌላው ሰው ክር የሚጫነው በግራው ነው። ደወለችለት።

«አዎ፣ ግራኝ ነኝ፤ ምን ችግር አለው? ሁሌም ክሮቹን ገልብጬ ነው የምጫወተው» አላት።

በተራ ጊታር ልክ ነው። በዚህኛው ግን ክሩ ቢገለበጥ ወፍራሙ አጭሩ ጎን ላይ ይወድቃል።

አላለቀሰችም። እንጨቷን ስታገላብጥ ዋለች። በጀርባዋ በኩል ሲያዩዋት የቦዮቹ አዘማመም ለግራኝ ይሆናል፤ ነገር ግን እዚያ ቢቆረጥ ሁለቱ ቦይ ይገናኝና እንጨቱ ይበጣጠሳል። አሮጌውን ቦይ በእንጨት ስንጥር ደፍና፣ በጀርባው ገልብጣ አንገቱ ላይ ካጣበቀችው በኋላ ለመቁረጥ ወሰነች። ሳትነግረው ግን አልጀመረችም። ሰውየው መጣ።

«እህቴ፣ ክሩ ሲጎትተው አንገቱ ቢጎብጥስ?»

«ክሩን ሙሉ አጥብቄ ሁለት ሳምንት እዚሁ እሰቅለዋለሁ። ከጎበጠ ቀብድህን ትወስዳለህ፤ እኔም ጊታር መሥራት እተዋለሁ።»

«በኔ ጊታር ነው እንዴ የምትወራረጂው?»

«በራሴ ነው።»

ሳቀና ተስማማ።

ጊታሩ አልቆ ከተሰቀለ በኋላ ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ የብረት ማስመሪያ አንገቱ ላይ ታጋድማለች። በዘጠነኛው ቀን የፀጉር ውፍረት ያህል ጎበጠ። አንገቱ ውስጥ ያለውን፣ እንዳይጎብጥ የሚይዘውን ብረት በቁልፍ ትንሽ አጠበቀችው። ያን ቀን ምሳዋን ቆማ በላች። በማግስቱ ባለበት ነበር። በአሥራ አራተኛውም ቀን ንቅንቅ አላለም።

«ና ውሰድ» አለችው በስልክ።

ሰውየው ጊታሩን ድምፅ ማጉያ ላይ ሰክቶ ወፍራሙን ክር ሲመታ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ነዘረ። ደግሞ መታው። የተዋዋሉትን ከፍሎ፣ ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ። ለሚሊ ትርፍ የሚባል አልቀረላትም።

«እማዬ፣ የሚቀጥለውን የሁለት እንጨት ዋጋ ነው የምጠይቅበት» አለችኝና መጥረጊያውን አነሳች።