ታቢታና የእንሰቷ ፍግ

የታቢታ አውራ ጣትና ሌባ ጣት አያርፉም። ቆማ ስታወራ እንኳ የማይታይ ነገር ቆንጥጠው ይነቅላሉ። ከነጋ ጀምሮ በእንሰቶቿ መሃል ተንበርክካ ቡቃያ ስትነቅል ጣቶቿ ለምደውት ነው። ደግሞ ይገርማል፤ ዛሬ ያጸዳችው መሬት ብዙም ሳይቆይ ላባ የመሰለ ቅጠል ያወጣል።

ቡቃያው ሉኪኒያ የሚባል ዛፍ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ ለከብት መኖ ብሎ በሰፈሩ የጋራ ግጦሽ ዳር ተከለው። ያኔ የሰፈሩ ላሞች ቡቃያው ቀና ሳይል ይግጡት ነበር። ከሚሌኒየሙ በዓል ወዲህ ግን ሐዋሳ እየሰፋች መጣችና ግጦሹ ተሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ ታደለ። ላሞቹ ተሸጡ። ባለቦታዎቹ አጥር እንጂ ቤት አልሠሩም። ሉኪኒያውም ጋጭ ሲያጣ በየአጥሩ ውስጥ ደን ሆነ!

አሁን ሰኞ እየቀረበ ነው። ሰኞ የቀበሌ ሰዎች ዞረው ጦም ያደረውን መሬት ይለያሉ ተብሏል። ጓሮዋን ጫካ ካሉት ሊወስዱት ነው። ታቢታ ይህን እያሰበች ከወትሮው ማልዳ ትነቅላለች። እንሰቷን ለማፋፋት፣ እንደ እናቷ ወግ፣ ጠዋት ጠዋት ሥሩን ፍግ ታለብሰዋለች። ላም ስለሌላት ፍጉን የምታመጣው በታጠረ ቦታቸው በሬ ከሚያደልቡት ጡረተኛ አስተማሪ፣ ከጋሽ ወልደጻድቅ ነው።

ዛሬም ከረጢቷን ይዛ መጣች።

«ጋሼ፣ ነፋሱ ፍሬውን ከእርስዎ ዛፍ እያመጣ ይዘራብኛል። እባክዎ ይቁረጡልኝ።»

«በሬዎቼ ምን ይብሉ? ያንቺን እንሰት?» ብለው ሳቁ። «ይልቅ ዛቂ፣ ዛሬ ፍጉ በዝቷል። በሬዎቹ የዛፉን ፍሬ ከነገለፈቱ ነው የሚሰለቅጡት!»

ታቢታ ግማሽ ከረጢት እንደዛቀች ቆመች። እበቱን በጣቷ ፈረከሰችው። የሚያብረቀርቅ ቡናማ ፍሬ ወጣ። ሌላም ወጣ። አንዱማ ነጭ ሥር አቆጥቁጧል።

«ጋሼ… በገዛ እጄ ነው የዘራሁት?»

ጋሽ ወልደጻድቅ ጎንበስ ብለው አዩ። ሳቃቸው ጠፋ።

«እኔም እኮ ነኝ የሰጠሁሽ፣ ልጄ። ነገ መጥቼ አብረን እንነቅላለን።»

«የበቀለውን እንነቅላለን። አፈር ውስጥ ያለውንስ?»

ታቢታ ከረጢቱን ገልብጣ አራገፈች፤ የቀሚሷንም ጠርዝ አራገፈች። መንገድ ላይ አንዲት ፍሬ እንዳትወድቅባት ባዶውን ከረጢት ጠቅልላ በብብቷ ሸጎጠችና፣ ዓይኗን ከእግሯ ሥር ሳትነቅል፣ ወደ እንሰቷ ሄደች።