ሥራ የፈታው ቦይለር

ሰቆጣ ዳርቻ ላይ የማርና የሰም ማኅበር ነበረን። የእኔ ድርሻ ሰም ማቅለጫውን በእንፋሎት የሚያሞቀው ቦይለር ነበር። ሥራውን ያስተማሩኝ ከፃግብጂ የመጡ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፍቶ ንቡ ተሰደደ፤ ሥራ ቆመ። ሽማግሌውም ታመው ወደ አገራቸው ሊሄዱ ሲነሱ አስጠሩኝ።

«ቦይለርን ዝገት የሚበላው ሥራ ሲፈታ ነው» አሉኝ። «ለብ እንዳለ ውሃውን አፍስሺ፤ ውስጡን አድርቂ። ውሃ ያልነካው ኖራ በሳህን አስገቢና ክዳኑን አጥብቀሽ ዝጊ። ኖራው እርጥበቱን ይጠጣዋል። በየሁለት ወሩ ቀይሪው።»

በዚያው ሳምንት ታናሽ እህቴ ወደ አረብ አገር ልትሄድ ነበር። ወልድያ ድረስ ልሸኛት ስጣደፍ ውሃውን እንዳለ ትቼው ሄድኩ። ስመለስም የመለያየቱ ሐዘን ከቤት አላስወጣኝ አለ። ሽማግሌው ስልክ ደወሉ።

«ኖራውን አስገባሽው?»

«አዎ፣ አስገብቻለሁ።»

«ተባረኪ። አሁን ልቤ አረፈ።»

ከዚያ ወዲህ የቦይለሩ ክፍል ቁልፍ እጄ ላይ እያለ መሄድ አቃተኝ። ክዳኑን መክፈት ውሸቴን መክፈት ሆነብኝ። ኖራውን መቀየሬን በጠየቁኝ ቁጥርም «ቀይሬዋለሁ» አልኳቸው።

በዓመቱ ዝናቡ ሰምሮ ንቡ ተመለሰ። ሽማግሌው ከዘራ ተደግፈው መጡ፤ ክዳኑን ፈታሁላቸው። ውስጡ ያለው ውሃ ቀይ ጭቃ መስሏል፤ ውሃው በቆመበት ልክ ብረቱ ዙሪያውን ተቦርቡሯል። አንዴ አዩኝ።

አባላቱ ሲሰበሰቡ ተነሱና፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በደንብ አላሳየኋትም» አሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ መሬት መሬቱን አየሁ። በዚያው ሥራቸውን ትተው ሄዱ።

ቦይለሩ በጥገና አይድንም ስለተባለ ሰሙን በበርሜል፣ በእንጨት እሳት ማቅለጥ ጀመርን። አንድ ቀን ትኩስ ሰም ፈስሶ የአንዷን አባል ክንድ አቃጠለ። በማግስቱ ፃግብጂ ሄድኩ።

«ለምን ሸፈኑልኝ?» አልኳቸው።

«ያን ቀን ራስሽ ትነሻለሽ ብዬ ነበር» አሉ። «ጠበቅሁሽ።»

በሚቀጥለው ስብሰባ ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ክንዷ የተቃጠለው ሴትዮ ፋሻዋን አስተካከለች።

«የእኔስ ይድናል» አለች በመጨረሻ። «እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው በዚህ በር ሲወጡ አይተሻል።»

ከማኅበሩ አላስወጡኝም። እሷ ግን እስከ ዛሬ ሰላምታዬን ጭንቅላቷን በመነቅነቅ ብቻ ነው የምትመልሰው።