ሦስት ጊዜ የቀረ አባል

ዐረብ አገር፣ ዑድ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ የስደተኞች ማኅበራችን የተከራያት ባለ ሦስት ክፍል ጤና ጣቢያ ነበረችን። ቦርዷ ሰባት ሰው ነው። እኔ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ብሆንም እዚያ ጸሐፊ ነበርኩ። መተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቅነው ሐኪሙም መሐንዲሱም ተሰብስበን ነው፤ ከሁላችንም ጭንቅላት የወጣው ግን የአገር ቤት ዕድር ነበር። አባል የሚሆን ሰው ጊዜው ያላለፈ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ይኑረው፤ አንዱ ወንበር የቤት ሠራተኞች ይሁን፤ በተከታታይ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዝ። በጣም ኮርተንበት ነበር።

በቤት ሠራተኞቹ ወንበር የተመረጠችው ሱለይማኒያ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የምትሠራ የወሎ ልጅ ነች። ሰው ፊት መናገር አትፈራም። አንድ ቀን ሐኪማችን ስለ ስኳር በሽታ ሲያብራራ፣ «ወንድሜ፣ ማዳም የተረፈ ሩዝ ለምትሰጣት ልጅ አትክልት ብዪ ማለት ምን ይረባል?» ብላ አፉን አስያዘችው። ያን ቀን ወደድኳት።

ለአባላት በዐረብኛ የተጻፈና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ እንሰጥ ነበር። ለእኛ የፋይል ማሟያ ነው። እሷ ግን ለማዳሟ እያሳየች በወር አንድ ቀን ከቤት ትወጣበታለች። ስብሰባው ሲያልቅ ወደ ነርሷ ክፍል ትገባለች። ምን እንዳመማት አልጠየቅኩም፤ ቃለ ጉባኤ እጽፍ ነበር።

ስብሰባው መጀመሪያ ቅዳሜ ነበር። ከኮሮናው በፊት በነበረው ዓመት፣ ለሐኪሞቹ ፈረቃ ይመቻል ብለን ወደ ዓርብ ከሰዓት አዞርነው።

«ዓርብ እኮ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ምሳ የሚበላው እኛ ቤት ነው። ኸላስ፣ አልለቀቅም» አለች።

«ኢንሻአላህ አንድ መላ ይገኛል» አልናት። መላውን የፈለገ ሰው ግን የለም።

ሦስት ወር በተከታታይ ቀረች። ሰብሳቢው «ደንብ ደንብ ነው» አለ። እጅ ወጣ፤ የእኔም ወጣ። ዕድር እኮ የቀረውን ከመሰረዙ በፊት ምን አግኝቶት ይሆን ብሎ ሰው ይልካል። እኛ ቅጣቱን ይዘን መጥተን ጠያቂውን አገር ቤት ትተነው ነበር። መሰረዟን በስልክ ጽፌ ላክሁላት፤ ደብዳቤውንም እንድትመልስ አዘዝኳት። «እሺ እህቴ» አለች። ደብዳቤው በቤቱ ሹፌር እጅ መጣ።

ከሰባት ወር በኋላ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ተኝታ አገኘኋት። የጡት ካንሰር ነው፤ ጉበቷ ላይ ደርሷል። ነርሷ ያኔ የጡቷን እብጠት አይታ ለምርመራ ልትልካት ቀጠሮ ይዛላት ነበር። ስትቀርባት ጊዜ አገሯ የገባች መስሏት ተወችው።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። አፍሬ የምገባበት ጠፋኝ። የማኅበሩን ሰዎች ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ ቀጥላ «በእኔ ቦታ ማንን አስገባችሁ?» አለች።

«ማንንም።»

«እና በየቤቱ ላሉት ሠራተኞች ማን ይናገርላቸዋል?»

በዚያው ወር ሞተች። ከዚያ በኋላ ወንበሩን እንይዛለን ብለው ሁለት ሴቶች መጡ፤ ሁለቱም ዓርብ አይለቀቁም። ስብሰባውን ወደ ቅዳሜ አልመለስነውም።